ፊደሉን ቆጥረናል፤ አሁን ደግሞ ንባቡን እናፍጥን

የዛሬው ጽሑፋችን ፊደል ላልቆጠረ ሰው አይደለም። ፊደል ለቆጠረ፣ ስሙን ለሚጽፍ፣ ነገር ግን ወረቀት በመጣ ቁጥር «ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ» እያለ ለሚያቀብል ሰው ነው።

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም በሚዘልቀው መንገድ አጠገብ ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር ነው እንበል። የማዳበሪያ ብድር ውል መጥቷል። ተራው የደረሰው ገበሬ ወረቀቱን ይቀበልና በጣቱ እየተከተለ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «ማ... ዳ... በ... ሪያ... ውን» እያለ ይጀምራል። የተጻፈው እንዲህ ነው፦ «ማዳበሪያውን በብድር የወሰደ ገበሬ ዕዳውን እስከ የካቲት 30 ቀን ድረስ ካልመለሰ ቅጣት ይከፍላል።» ሰውየው «ይከፍላል» ከሚለው ቃል ሲደርስ «ካልመለሰ» የሚለው ከልቡ ወጥቷል። ቅጣት የሚከፍለው ማን ነው? ሁሉም ነው ወይስ የዘገየው ብቻ? እስከ መቼ ነበር? ተመልሶ እንዳያነብ ከኋላው ሰው ተሰልፏል። ያፍርና ይፈርማል።

ይህ ሰው ማንበብ አይችልም እንበል? ይችላል። አንዲት ፊደል እንኳ አልሳተም። ያጠረው ፍጥነት ነው። ፍጥነት ስላጠረው ትርጉሙ አመለጠው። ትርጉሙ ስላመለጠው ደግሞ የማያውቀውን ውል ፈረመ። ጉዳዩ ይህን ያህል ከባድ ነው።

ቀስ ብሎ ማንበብ ለምን ያስረሳል?

የሰው አእምሮ አሁን የሰማውንና ያየውን ይዞ የሚያቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። በእፍኝ እንደ ተያዘ ውኃ ቁጠሩት። ቶሎ ካልጠጡት በጣት መካከል ይፈሳል። ፊደል በፊደል የሚያነብ ሰው አንዱን ቃል ሲጨርስ የፊተኛው ፈስሶበታል።

በአማርኛ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። የዓረፍተ ነገሩን ነገር የሚቋጨው ግሥ የሚመጣው በመጨረሻ ነውና። «ይህን መድኃኒት ከእህል ጋር በአንድ ቤት ማስቀመጥ...» ብላችሁ ብታቆሙ ምን አወቃችሁ? ምንም። «ይቻላል» ነው ወይስ «አይፈቀድም»? እስከ መጨረሻው ድረስ ሁሉንም ይዞ መድረስ ግድ ነው። ሌላም አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ይበላል» ተብሎ ሲጻፍ ሰውየው እህል ይበላል ማለት ሊሆን ይችላል፤ እህሉ ለምግብ ይሆናል ማለትም ሊሆን ይችላል። የሚለየው አጠገቡ ባሉት ቃላት ነው። እነሱን የረሳ ሰው ይህን በምን ያውቃል?

ከዘመቻው ምን እንማራለን?

የዕድሜ ባለጠጎች እንደምታስታውሱት፣ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም ነበር። ትምህርቱ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች በግእዝ ፊደል ተሰጥቷል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በየገበሬ ማኅበሩ ፊደል ቆጥረዋል። ኢትዮጵያም በ1980 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት ተቀብላለች። ይህ ትልቅ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ የምስክር ወረቀት ከተቀበሉት ብዙዎቹ የሚያነቡት ነገር አጥተው፣ ጊዜም አጥተው የተማሩትን መልሰው ረስተዋል። ፊደል ለይቶ ከመቆጠር አልፎ እንደ ልብ ከማንበብ ያልደረሰ ሰው፣ ከመንገድ ተመለሰ ማለት ነው። ማንበብ ሥራ ሆኖበት ሲደክመው ይተወዋል፤ ሲተወውም ይረሳዋል።

«ልጄ ያነብልኛል» ማለትም ሁልጊዜ አያስተማምንም። በ2002 ዓ.ም በበርካታ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለአባትም ለልጅም ነው።

ዓይን እንዴት ያነባል?

በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ የፈረንሣዩ የዓይን ሐኪም ኤሚል ዣቫል ስለ አንባቢ ዓይን አንድ ነገር ጽፎ ነበር። ዓይን በመስመሩ ላይ እንደ ወንዝ አይፈስም። እንደ ፌንጣ እየዘለለ ያርፋል። በየማረፊያው የሚቆየው የሰከንድ ሩብ ያህል ነው። የለመደ አንባቢ ዓይኑ በአንድ ማረፊያ ቃሉን እንዳለ ያነሣዋል። ጀማሪው ግን በአንዱ ቃል ላይ ደጋግሞ ያርፋል።

ይህ ለናንተ እንግዳ ነገር አይደለም። ከመስክ ላይ ከተሰማራ ከብት መካከል ቡሬ በሬያችሁን ስትፈልጉ ቀንዱን፣ ሻኛውን፣ ጭራውን አንድ በአንድ ትመረምራላችሁን? በሩቁ «ያ ነው!» ትላላችሁ እንጂ። ለምን? ደጋግማችሁ ስላያችሁት ነው። ቃልም እንዲሁ ነው። መቶ ጊዜ ያዩት ቃል በሩቁ ይታወቃል።

መድኃኒቱ መደጋገም ነው

ዘመቻው በተጀመረበት በዚያው በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው የንባብ ተመራማሪ ጄይ ሳሙኤልስ አንድ ቀላል ዘዴ አሳትሞ ነበር። አጭር ጽሑፍ ምረጥ፤ ያንኑ ደጋግመህ አንብብ፤ ፍጥነትህ በቂ ሲሆን ወደ ሌላ እለፍ፤ ይኸው ነው። በሙከራው የታየው ደስ ያሰኛል። ተማሪዎቹ የፈጠኑት በደጋገሙት ጽሑፍ ብቻ አልነበረም። አዲሱን ጽሑፍ ሲጀምሩም ከቀድሞው በፈጠነ አነባበብ ይጀምሩት ነበር፤ የሚደጋግሙትም ብዛት እየቀነሰ ሄደ።

የእኛ አገር ሰዎች ደግሞ የመደጋገምን ጥቅም ጥንትም ያውቁታል። በቤተ ክህነቱ ንባብ ቤት ተማሪው ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ መጀመሪያ ግእዝ ንባብ፣ ቀጥሎ ውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም ቁም ንባብ ይማራል። በወሎ መስጊዶች አካባቢም ልጆች በሉህ የተጻፈላቸውን እየደጋገሙ ይቀራሉ። ሁለቱም ዘንድ አንድ ገጽ አንዴ ታይቶ አይታለፍም። ነገር ግን አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በግእዝ ዳዊቱን ሳይደናቀፍ የሚደግም ልጅ «ምን ይላል?» ቢባል ላይመልስ ይችላል። አንደበት መፍጠኑ ብቻውን መረዳት አይሆንም። ሁለቱ አብረው መሄድ አለባቸው።

እስቲ አሁኑኑ እንሞክር

ከዚህ በታች 42 ቃላት ያሉት ጽሑፍ አለ። ሰዓት ወይም ስልክ ያለው ሰው አጠገባችሁ ይቀመጥና ጊዜውን ይያዝላችሁ።

«ለዘር የተዘጋጀ ስንዴ በመድኃኒት የታሸ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዘር ብዙ ጊዜ ቀለም ይቀባል። መድኃኒቱ ዘሩን ከበሽታና ከተባይ ይጠብቃል፤ ለሰው ግን መርዝ ነው። ስለዚህ የተረፈው ዘር አይፈጭም፣ ለዶሮም አይበተንም። ጆንያው ቢታጠብም እህል አይጨመርበትም። ዘሩን የነካ ሰው ምግብ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል።»

ስንት ደቂቃ ፈጀ? በእርሳስ ጻፉት። ሁለት ደቂቃ ከሆነ በደቂቃ 21 ቃል አነበባችሁ ማለት ነው። አሁን ደግማችሁ፣ ሠልሳችሁ አንብቡት። ነገ ማታም እንዲሁ አድርጉ። በአንድ ደቂቃ ስትጨርሱት 42 ቃል ደረሳችሁ። የጎልማሶችን ንባብ ያጠኑት ሔለን አባድዚ ትርጉም ለመያዝ በደቂቃ ከ45 እስከ 60 ቃል ያህል ማንበብ እንደሚያስፈልግ ጽፈዋል። ይሁንና ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዙት። የአማርኛ ቃል ሸክሙ ከባድ ነው። «አልነገራችሁኝም» የምትለዋ አንዲት ቃል በሌላ ቋንቋ አራትና አምስት ቃል ትሆናለች። ስለዚህ ራሳችሁን ከትናንቱ ከራሳችሁ ጋር አመዛዝኑ እንጂ ከሌላ ሰው ጋር አትወዳደሩ።

ያነበቡትን እንዳይረሱ

አሁን ጋዜጣውን እጠፉት። ሳታዩ መልሱ፦ የተረፈው ዘር ምን አይደረግም? ጆንያውስ? ለምን? ለባለቤታችሁ ወይም ለጎረቤት በራሳችሁ አነጋገር ተርኩት። የጎደለ ሲኖር ከፍታችሁ ያንን ብቻ እዩ። ይህ ጨዋታ አይምሰላችሁ፤ ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው።

በ2006 እ.ኤ.አ. ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች፣ ሮዲገርና ካርፒክ፣ ይህን ፈትነውታል። አንዱ ወገን ተማሪ ጽሑፉን አንብቦ እንደገና አነበበው። ሌላው ወገን ግን አንብቦ፣ ዘግቶ፣ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደግመው ያነበቡት ከመቶ 42 እጁን ሲያስታውሱ፣ ዘግተው ያስታወሱት 56 እጁን አስታወሱ። እንግዲህ ለፍጥነት መደጋገም፣ ለማስታወስ ዘግቶ መተረክ ያስፈልጋል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ጀርመናዊው ኤቢንግሃውስ ደግሞ በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በብዛት፣ ከዚያ በኋላ በዝግታ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ያነበባችሁትን በማግሥቱ አስታውሱት፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን መንገድ ላይ ለባልንጀራችሁ አውጉት፤ በወሩ ደግሞ በማኅበር ወይም በዕድር ስትገናኙ አንሡት። ወሬ የሚያወራ ሰው ወሬውን የማይረሳው ደጋግሞ ስለሚያወራው አይደለም እንዴ?

ከማንበባችሁ በፊትም ጥያቄ ያዙ። ውል ከሆነ፦ ማን? ምን? ስንት? እስከ መቼ? ባይሆንስ ምን ይመጣል? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ይዞ የሚገባ ሰው፣ የሚፈልገውን አውቆ ገበያ እንደ ወጣ ሰው ነው፤ ባዶ እጁን አይመለስም።

ፍጥነት ማለት መሮጥ አይደለም

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኤቭሊን ዉድ የተባሉ አሜሪካዊት መምህርት በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ቃል ማንበብ ይቻላል እያሉ ብዙ ሰው አስተምረዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ኪት ሬይነርና ባልደረቦቻቸው የተሰበሰበውን ጥናት ሁሉ መርምረው ያገኙት ግን ሌላ ነው። ከልክ በላይ የፈጠነ ሰው የሚፈጥነው መረዳቱን እየከፈለ ነው። ስለዚህ የምንላችሁ ዝለሉ አይደለም። ቃላቱን ከመላመድ ብዛት የተነሣ ንባቡ ራሱ እንዲቀልላችሁ ነው። ውልና የመሬት ደብተር ሲሆን ግን ፈጣኑም አንባቢ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያንብብ። የተሰለፈው ሰው ይጠብቅ። «ቤቴ ወስጄ አንብቤ ልመለስ» ማለት ነውር አይደለም።

ዓይናችሁንም አትርሱ። ዕድሜ ከአርባ ሲያልፍ የቅርቡ ነገር መደብዘዝ ይጀምራል። ብዙ ሰው «ፊደሉ ጠፋብኝ» የሚለው ፊደሉ ጠፍቶት ሳይሆን ዓይኑ ደክሞ ነው። ጋዜጣውን ከፊታችሁ አርቃችሁ ስትይዙት ከተሻላችሁ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ስለ ንባብ መነጽር ጠይቁ። በኩራዝ ጭስም አትታገሉ። ፀሐይ ሳለ ከደጅ ተቀምጦ አሥር ደቂቃ ማንበብ፣ ሌሊት በጨለማ አንድ ሰዓት ከመቆዘም ይሻላል።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፣ የምንጠይቃችሁ በቀን አሥር ደቂቃ ነው። ወረቀቱ ይህ ጋዜጣም ሊሆን ይችላል፤ የመድኃኒት መግለጫም፣ የልጃችሁ ደብተርም ይሁን። አንብቡ፣ ድገሙ፣ እጠፉ፣ ተርኩ። ባልና ሚስት እየተያያዛችሁ፣ አንዱ ሲያነብ ሌላው ሰዓት እየያዘ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! የሚቀጥለው ውል ሲመጣ «እስቲ አንብብልኝ» ሳይሆን «ቆይ፣ ልየው» በሉ። ከዚያ በኋላ የምትፈርሙት የምታውቁትን ነው።