መጽሐፉ “60 ደቂቃ ይበቃል” ይላል፤ ቦሎቄው ግን ገና አልበሰለም

የምግብ አሠራር መጽሐፍ ገዝቶ፣ መመሪያውን ከላይ እስከ ታች ተከትሎ፣ በመጨረሻ ጥሬ ጥሬ የሚል ቦሎቄ ወይም መሐሉ የሰመጠ ኬክ ይዞ የቀረ የከተማ ነዋሪ ጥቂት አይደለም። ወቀሳው አብዛኛውን ጊዜ የሚወርደው በምግብ ሠሪዋ እጅ ላይ ነው፤ ሲብስም “ያረጀ እህል ሸጠልኝ” ተብሎ ነጋዴው ይታማል። ሐሜቱ አንዳንዴ እውነት አለው፤ ለረጅም ጊዜ የተከማቸ ቦሎቄ ለመብሰል ያስቸግራል። ይሁን እንጂ በደጋውና በወይና ደጋው የሀገራችን ክፍል አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈበትና ድስቱ የተጣደበት ቦታ የከፍታ ልዩነት።

ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚለው የትምህርት ቤት እውቀት የሚሠራው በባሕር ጠለል ላይ ነው። በላያችን ያለው አየር ክብደት አለው፤ ይህ ክብደት በድስቱ ውስጥ ያለውን ውኃ እየተጫነ በቀላሉ ወደ እንፋሎት እንዳይለወጥ ያደርገዋል። ወደ ከፍታ በወጣን ቁጥር ከላያችን የሚቀረው አየር ያንሳል፤ ጫናውም ይቀልላል፤ ውኃውም በሚገባ ሳይግል መፍላት ይጀምራል። በግርድፉ ሲሰላ በየ300 ሜትሩ የመፍያው ሙቀት 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በዚህ መሠረት 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳር ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን ወደ 91 ዲግሪ ይወርዳል። ወደ መተማ ቆላ የወረደ ሰው ግን ከ97 ዲግሪ በላይ ያገኛል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ጥራጥሬን የሚያለሰልሰው ግን የውኃው መንተክተክ ሳይሆን ሙቀቱ በመሆኑ፣ ጥቂት ዲግሪ ሲጎድል የማብሰያው ጊዜ በእጅጉ ይረዝማል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈው “60 ደቂቃ” ደብረ ብርሃን ላይ ባይበቃ የሚያስገርም አይደለም።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚወስደው እርምጃ እሳት መጨመር ነው። ይህ ማገዶን ከማባከን ያለፈ ጥቅም የለውም። ድስቱ ክፍት እስከሆነና ውኃው አንዴ መፍላት እስከጀመረ ድረስ፣ እሳቱ የቱንም ያህል ቢነድ ሙቀቱ ከመፍያው ነጥብ አይዘልም፤ ውኃው ፈጥኖ ይተናል እንጂ። እንጨት በሸክም፣ ከሰል በማዳበሪያ በሚገዛበት ቤት ይህን ማወቅ ገንዘብ ነው። የሚሻለው ጥራጥሬውን አዳር ዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ ጥዶ፣ ድስቱን ከድኖ፣ መፍላቱ ሳይቋረጥ እሳቱን መቀነስ ነው። ቲማቲምና ሎሚም ቦሎቄው ከለሰለሰ በኋላ ይግቡ፤ ኮምጣጣ ነገር የጥራጥሬን መለስለስ ያዘገያል።

ቀይ ቦሎቄን በተመለከተ ጉዳዩ ከጣዕምና ከማገዶ ያልፋል። ጥሬው ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ መርዝ በሚገባ ካልፈላ አይጠፋም፤ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል። እሳቱ የሚቀነሰውም ከተዘፈዘፈ በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በኃይል ከተንተከተከ በኋላ ነው። ሳይፈላ በለብታ ብቻ ለረጅም ሰዓት ማቆየት ደኅንነት አይሰጥም።

በተለምዶ ፕሬዠር የሚባለው ድስት የከፍታን ችግር በቀጥታ ይፈታል፤ እንፋሎቱን አፍኖ ጫናውን ስለሚጨምር ውኃው ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲግል ያስችላል። እንፋሎቱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ክዳኑን ለመክፈት መታገል ግን ፊትና እጅን ያቃጥላል።

የራሳችን የምግብ አሠራር ለደጋ የተመቸ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ሽሮ ተቆልቶ የተፈጨ ነው፤ ክክ ተከክቶ ከሁለት የተከፈለ ነው፤ ሁለቱም ከድፍን እህል ፈጥነው ይበስላሉ። ሽንኩርት ማቁላላትና በርበሬ ማብሰልም ውኃው እስኪጨመር ድረስ ለመፍያው ነጥብ አይገዙም፤ ዘይትና ቅቤ ከፍታ ላይም ቢሆን ከውኃ በላይ ይግላሉ። ባለሙያ እናቶቻችን በደቂቃ ሳይሆን በሽታውና በቀለሙ “ደርሷል” የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

ኬክ ግን ከባሕር ጠለል መጽሐፍ ጋር አብሮ የመጣ እንግዳ ነው። ጫናው በቀለለበት ቦታ ቤኪንግ ፓውደር የሚፈጥረው አየር ከልክ በላይ ይነፋል፤ ሊጡ ሳይጠነክር ያብጥና ይሰምጣል። በደጋ ከተሞች ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል፣ ስኳሩንም በየኩባያው ከአንድ እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ መቀነስ፣ ለአንድ ኩባያ ፈሳሽ ከሁለት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ መጨመር፣ የምድጃውንም ሙቀት 10 ዲግሪ ያህል ከፍ ማድረግ ይረዳል። መጽሐፉ የአሜሪካ ከሆነ “350 ዲግሪ” የሚለው በፋራናይት ነው፤ በእኛ ምድጃ 177 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማለት ነው። “ኩባያ” የሚለውም 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ እንጂ የሻይ ብርጭቆ አይደለም።

ለእንጀራ ሊጥ የሚጻፈው “ሦስት ቀን” እንዲሁ ቦታን ይከተላል። ሊጡን የሚያቦኩት ጥቃቅን ሕያዋን በሙቀት ይፈጥናሉ፣ በብርድ ይዘገያሉ። ቆላ ላይ ሦስት ቀን የቆየ ሊጥ ከመጠን በላይ ሊኮመጥጥ ይችላል፤ ደጋ ላይ በክረምት ገና ሊሆን ይችላል። አብሲት ለመጣል የሚታየው ቀኑ ሳይሆን ከላይ የሚንሳፈፈው እርሾ፣ የሊጡ ሽታና አረፋው ነው።

የእናቱን የምስር ወጥ አሠራር ጽፎ ወደ ውጭ ሀገር የሚሄድ ሰው በተቃራኒው ይዘጋጅ። ለባሕር ጠለል በቀረበችው ዋሽንግተን ውኃ በ100 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ምስሩ ከጎንደሩ ቀድሞ ይፈርሳል፤ ከተጻፈው ደቂቃ በፊት ክዳኑን ገልጦ መቅመስ ያስፈልጋል።