ለጋሽ የሌለው ሥራም ፕሮጀክት ነው

በበጎ አድራጎት ድርጅት የምትሠሩ ወዳጆቼ፣ ይህ ጉዳይ ስለሚያሳስበኝ ደጋግሜ አነሣዋለሁ። እኛ ዘንድ ፕሮጀክት የሚባለው ፕሮፖዛል የተጻፈለትና ለጋሽ ያጸደቀው ሥራ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ «የቢሮ ሥራ» ተብሎ ይታለፋል።

የምንደግፋቸውን ሕፃናት ማኅደር ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማስገባትን ውሰዱ። ሲያዩት ተራ ጽሕፈት ይመስላል። ፋይሉ ሲከፈት ግን አንዲት ልጅ በአንዱ ቅጽ «ፀሐይ»፣ በሌላው «ጸሀይ» ተብላለች፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ልጅ አድርጎ ይቆጥራታል። የቱ አጻጻፍ እንደሚያዝ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። የአሳዳጊዋ ስልክ ካልሠራ ሰፈር ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ይፈለጋል። የሕክምና መረጃዋን ማን ማየት እንደሚችልም አስቀድሞ መወሰን አለበት። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ቀድሞ ያልነበረ ነገር አስረክቦ የሚያበቃ፣ ብዙ ክፍሎችን የሚያነካካ ሥራ ነው። ፕሮጀክት ማለት ይኸው ነው።

ስም ካልተሰጠው ግን እምቢ ማለት በማይሆንላት ባልደረባ ላይ ይጣላል። ቀን ቤት ለቤት ስትዞር ውላ ማታ ማታ ትመዘግባለች። ሲታክታት ሥራ ትለቃለች፣ የጀመረችውም እዚያው ይቀራል። ለዓላማ የቆመን ሰው እንዲህ ማድከም በደል ነው።

የገንዘቡም ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የቢሮ ኪራዩ፣ የኦዲት ክፍያው፣ የአስተዳደር ሠራተኛው ደመወዝ ሁሉ ከዚያችው ላይ ነው የሚወጣው። ምዝገባውም «የቢሮ ሥራ» ከተባለ ከዚያው ይሻማል። ስለዚህ ፕሮፖዛል ሲጻፍ ምዝገባው ራሱን የቻለ ተግባር ሆኖ ከነበጀቱ ይግባ። ልጆቹን ለመደገፍ የግድ የሚያስፈልግ ስለሆነ ለጋሹን ማስረዳት አይከብድም።

የእንዲህ ያለው ፕሮጀክት አያያዝ ወፍራም ሰነድ አይጠይቅም፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ኃላፊው አንድ ሰው ይሁን፣ የሚያልቅበት ቀን ይቆረጥ፣ «አለቀ» የሚባለው ምን ሲሟላ እንደሆነ ይጻፍ። ከሁሉ በላይ፣ ኃላፊው እስኪጨርስ ድረስ የትኛው ሥራ እንደሚነሣለት ይጻፍ። ይህቺ መስመር ከሌለች ዕቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የቤት ለቤት ጉብኝትን ግን ፕሮጀክት አታድርጉት። ልጆቹ እስካሉ የሚቀጥል ሥራ ነው፤ ከአንድ ፈንድ ማብቂያ ጋር ከታሰረ ፈንዱ ሲዘጋ ጉብኝቱም ይቆማል።

የድርጅት ኃላፊዎች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ሠራተኞቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ በዕቅዳችን ላይ የሌለ ምን ሥራ እየሠራችሁ ነው? መልሱን ጻፉ፤ በጀትና ጊዜም ስጡት።