ሆዴን አመመኝ ስንል የትኛው ነው የታመመው?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሆድ ነው።

ሰው ሲታመም በአማርኛ «ሆዴን አመመኝ» ይላል። በኦሮምኛም «ገራቱ ነ ዹኩባ» ይላል። ነገር ግን ሆድ አንድ ነገር አይደለም። ብዙ ክፍል አለው። የታመመው ክፍል የትኛው እንደሆነ ሳናውቅ መድኃኒት ብንወስድ ሕመሙን እናቆየዋለን። ስለዚህ አስቀድመን ምግብ የሚሄድበትን መንገድ እንወቅ።

በግ ሲታረድ ያላየ የለም። ጨጓራውን፣ አንጀቱን፣ ጉበቱን፣ ሐሞቱን ለይታችሁ ታውቃላችሁ። የሰውም ሆድ ዕቃ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በግ ሣር በል ስለሆነ ሆዱ አራት ክፍል ነው። ሽንፍላው ከአራቱ አንዱ ነው። ሰው ግን ያለው አንድ ጨጓራ ብቻ ነው።

እንጀራ ስንጎርስ ሥራው የሚጀመረው አፍ ውስጥ ነው። ጥርስ ይፈጫል፤ ምራቅ ያርሳል። የተላመጠው ምግብ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል በሚረዝም ቧንቧ ወደ ጨጓራ ይወርዳል። ጨጓራ እንደ ስልቻ ነው። ምግቡን ያሸዋል፤ አሲድ የሚባል ኃይለኛ ፈሳሽም ይጨምርበታል።

ከዚያ ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ይገባል። ትንሹ የተባለው ቀጭን ስለሆነ ነው እንጂ ርዝመቱስ 6 ሜትር ያህል ነው። ጉበት የሚሠራው ሐሞት ቅቤውንና ዘይቱን ይበትናል። ቆሽት የሚባለው ክፍልም ምግብ የሚያደቅ ፈሳሽ ይልካል። ምግብ ወደ ደም የሚገባው እዚህ ነው። የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። ትልቁ አንጀት ውኃውን መጥጦ ያስቀራል፤ ዝቃጩ ሰገራ ሆኖ ይወጣል።

አሁን ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ የሚደርሰውን ችግር እንይ።

መጀመሪያ ጨጓራ። ብዙ ሰው ጨጓራው ሲቆስል «በርበሬ ነው ያመጣብኝ» ይላል። በርበሬ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል፤ ቁስሉን ግን አያመጣም። ታዲያ ምንድን ነው የሚያመጣው? አንደኛው ምክንያት ኤች. ፓይሎሪ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1982 ያገኙት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች ናቸው። ሰው አላምን ስላለ ማርሻል በ1984 ተሕዋሱን ራሱ ጠጣ። ጨጓራውም ታመመ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሁለተኛው ምክንያት እንደ አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ማዘውተር ነው።

«አምቦ ውኃ ጠጣ፣ ይሻልሃል» ሲባል ሰምታችኋል። በውኃው ውስጥ አሲድን የሚያበርድ ማዕድን ስላለ ለጊዜው ቀለል ሊላችሁ ይችላል። ተሕዋሱን ግን አይገድልም። ማቃጠሉ ከተመላለሰባችሁ ተመርመሩ። የታዘዘላችሁን መድኃኒት ተሻለኝ ብላችሁ በመሐል አታቋርጡ፤ ተሕዋሱ ተርፎ መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ሁለተኛ ትል። ወስፋት የሚመጣው በሰገራ ከተበከለ አፈር፣ ባልታጠበ እጅና አትክልት ነው። የኮሶ ትል የሚመጣው ደግሞ ከጥሬ ሥጋ ነው። የኮሶ ትል ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ ከብቱ ከሣሩ ጋር እንቁላሉን ይበላል፤ ሰውም የከብቱን ሥጋ በጥሬው ይበላል። ትሉ በትንሹ አንጀት ውስጥ ብዙ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጥሬ ሥጋ የምትወዱ አትቆጡን! ሥጋው በደንብ ከበሰለ ትሉ ይሞታል። መጸዳጃ ቤት ካለም መንገዱ ይዘጋል። አባቶቻችን የኮሶ አበባ ጠጥተው ትሉን ያስወጡ ነበር። ነገር ግን የኮሶ መጠን ሲበዛ ሰውን ይጎዳል፤ ለነፍሰ ጡርማ ክፉ ነው። ዛሬ በልኩ የተሠራ ኪኒን አለ።

ሦስተኛ የሕፃናት ተቅማጥ። ልጅን የሚገድለው የውኃው ከሰውነት ማለቅ ነው። «ውኃ ከጠጣ ይብስበታል» ብሎ መከልከል ትልቅ ስሕተት ነው። ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን ዱቄት በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውኃ ልክ፣ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ በጥብጣችሁ በማንኪያ በማንኪያ ስጡት። ጡትም ምግብም አይቋረጥ። ዚንክ የሚባል ኪኒን ከታዘዘለት እንደ ታዘዘው ጨርሱ። የልጁ ዓይን ከጎደጎደ፣ አፉ ከደረቀ፣ ከፈዘዘ ወይም መጠጣት ካቃተው ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

እነዚህን ደግሞ ማንም ቤቱ ተኝቶ አይጠብቃቸው፦

ደም ማስታወክ፤ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ።

ከእምብርት ጀምሮ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የሚወርድና የሚጠና ሕመም። ይህ ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል።

ሆድ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እምቢ ሲል። ይህ አንጀት ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። በአገራችን ብዙ ሰው ይደርስበታል። መታሸትና የሚያስቀምጥ መድኃኒት መጠጣት ይገድላል። ሰውየውን በቶሎ ሆስፒታል አድርሱት።

ወገኖቼ፣ ማንበብ የተማራችሁት ለፊርማ ብቻ አይደለም። የመድኃኒቱን ስም፣ ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ራሳችሁ አንብቡ። ያልገባችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ለጎረቤታችሁም አንብቡለት።

ደኅና ሁኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ምግብ ወደ ደም የሚገባው በየትኛው አንጀት ነው?

2. አምቦ ውኃ የጨጓራን ቁስል የማያድነው ለምንድን ነው?

3. ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ኦ.አር.ኤስ. እንዴት ይበጠበጣል?