«የፍቅር ታሪክ ነው» ከተባለ በኋላ የሚቀረው

የእህቴ ልጅ አስራ አንደኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን የአማርኛ አስተማሪዋ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንብባችሁ ጭብጡን፣ ገጸ ባሕርያቱንና መቼቱን ጻፉ ብሎ አሳይመንት ሰጣቸው። ደብተሯን ስገልጠው ከ«ጭብጥ» ፊት ለፊት አንዲት ቃል ብቻ ሰፍራለች፦ ፍቅር። መጽሐፉ እንደተዘጋ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። መልሱ የተገኘው ከቴሌግራም ማጠቃለያ ነው። «እትዬ፣ ርዕሱ ራሱ ይናገር የለ?» አለችኝ።

ርዕሱ ይናገራል፤ ሁሉን ግን አይናገርም። ተማሪ ለተማሪ ስለዚህ መጽሐፍ ከሚያቀብለው ወሬ ይበልጥ የሚያስቆጨኝ «መጀመሪያው ይዘለላል፤ ታሪኩ የሚጀምረው ሰብለ ወንጌል ስትመጣ ነው» የሚለው ነው። ከ500 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ሲሰጥህ መዝለል ያጓጓል፤ አልፈርድም። ግን የሚዘለለው ምንድን ነው? ዕድሜው ከገፋ በኋላ ትዳር የያዘው ቦጋለ መብራቱና ባሎቿ እየሞቱባት «ገፊ» የተባለችው ውድነሽ ናቸው። እነዚህ ሁለት የማንኩሳ ድሆች ስንት ጊዜ ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ያገኙትን ልጅ እንዳይነጠቁ ፈርተው ለእግዚአብሔር ይሳሉታል። ልጁ በዛብህ ነው። ያንን ስለት ያላነበበ ተማሪ፣ በዛብህ ሰብለን ሲወድ ለምን እንደዚያ እንደሚሰቃይ አይገባውም። ፈሪ ይመስለዋል። የሚያስጨንቀው ግን የሰብለ አባት ፊታውራሪው ብቻ አይደሉም፤ እናትና አባቱ ከፍቅር የተነሳ ያሰሩት ቃል ነው። እኔ መጽሐፉ ውስጥ ትልቁ ፍቅር የትኛው ነው ብባል፣ ከእነዚያ ከሚዘለሉት ገጾች አንዱን ነበር የምጠቁመው።

«የፍቅር ታሪክ ብቻ ነው» የሚለውም ከዚሁ የመጣ ነው። ሰብለ ወንጌል ሳታገባ የቆየችው ባል ጠፍቶ አይደለም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘራቸው የሚመጥን አጥንት አጥተው ነው። ጎረምሳው መምህር በዛብህ ሊያስተምራት እቤታቸው ሲገባ ፍቅሩ የተነሳው በዚህ የዘር ቆጠራ መሃል ነው። የእኚሁ ሰው ጭሰኞች ደግሞ በአበጀ በለው መሪነት ያምጹባቸዋል። ይህን ክፍል «የጎን ታሪክ» ብሎ ማለፍ ከባድ ስህተት ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የገጠር መሬት አዋጅ የታወጀው በ1967። ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ፣ ንጉሡ በዙፋናቸው ሳሉ፣ ባላገር ጌታውን ሲጋፈጥ የሚያሳይ ልቦለድ ታተመ ማለት ነው።

እንደ እብድ የሚሳቅበት ገጸ ባሕርይ፣ ጉዱ ካሳም፣ እብድ አይደለም። ስሙ ካሳ ዳምጤ ነው። «ጉዱ» ያለው፣ የሚናገረውን መስማት ያልፈለገ ሰው ነው። ለመቀለጃ ብቻ የሚያነበው ተማሪ የመጽሐፉ ዋና ክርክር አምልጦታል።

ሌላው ወሬ «የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ነው» ይላል። አይደለም፤ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በ1900 ዓ.ም. ሮም ታትሟል። «እውነተኛ ታሪክ ነው» ለሚሉ ደግሞ፣ የታሪኩ ቦታዎች ማንኩሳም ዲማም ጎጃም ውስጥ ዛሬም አሉ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ዲማ ተምረዋል፤ የቆሎ ተማሪውን ሕይወት ከወሬ አልቀዱትም። ቦታው እውነት መሆኑ ግን በዛብህንና ሰብለን የታሪክ ሰዎች አያደርጋቸውም።

«አማርኛው ይከብዳል» የሚሉት ግማሽ እውነት አላቸው። ጭሰኛ፣ መሪጌታ፣ ድጓ የሚሉት ቃላት ለከተማ ልጅ ሩቅ ናቸው። ደራሲው ግን አንባቢ እንዳይቸገር ያሰቡ ሰው ነበሩ። የፊደል አጻጻፍ እንዲሻሻል ይሟገቱ ስለነበር፣ በዚህ መጽሐፍ ጠብቆ በሚነበበው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አኖሩ። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው፤ ነጥቧ ትለየዋለች። ጮክ ብለህ ብታነበው ደግሞ ጨዋታ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ጆሮውን የሰጠው ለዚህ ይመስለኛል። መስማት ግን ማንበብን አይተካም፤ ሲተረክልህ የት ላይ ቆም ብለህ እንደምታስብ የሚወስንልህ ተራኪው ነው።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኳትም። መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጥኩና «አንቺ አንብቢ፣ እኔ ቡና ላፍላ» አልኳት። ረከቦቱን ሳቀራርብ ድምጿ ይሰማኛል፤ መጀመሪያ እየተደናቀፈች፣ ቀጥሎ ቀስ እያለች። ሁለተኛውን ስቀዳ ዝም አለች። ዞር ብዬ ሳያት ጣቷ ገጹ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ልጁን ሲሳሉት እሱን ማንም አልጠየቀውም እኮ!»

እርሳሷን አንስታ ከ«ፍቅር» ስር ጻፈች፦ ስለት።