አሮጌው ዶቅዶቄ ለቁራሌው ከመሸጡ በፊት

በጨንቻ አካባቢ፥ በተለይም በዶርዜ፥ ከቀርከሃ ተፈትሎ የሚሠራው ቤት በአዲስነቱ እስከ 12 ሜትር ድረስ ይረዝማል። ዘመን ሲቆጠር ምስጥ እግሩን ይበላዋል፤ ባለቤቱ ግን አፍርሶ አይጥለውም። የተበላው የታችኛው ክፍል ይቆረጥና ቤቱ አጠር ብሎ ዕድሜውን ይቀጥላል። ቦታ መለወጥ ቢያስፈልግም ጎረቤት ተጠራርቶ እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይህ ነው።

ይህን ያነሣነው ግን ስለ ቤት ለመጻፍ አይደለም። የዛሬው ጉዳያችን በየጓሮውና በየመጋዘኑ ጥግ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት የሚኖረው አሮጌ ሞተር ቢስክሌት፥ ሕዝቡ ዶቅዶቄ የሚለው ነው። ጎማው ተሰነጣጥቋል፤ ታንኩ ዝጓል፤ ሞተሩ ደርቋል። ወራሹም «ምን ይሠራልኛል» ብሎ ለቁራሌው በብረትነቱ ይሸጠዋል። እኛ ግን አሮጌ ሞተር የሚነሣው በገንዘብ ብዛት ሳይሆን በሰው ብዛት ነው እንላለን። ስለ ሞተሩ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ካለፉ በኋላ ደግሞ ገንዘብም ቢገኝ ሥራው እጅግ ይከብዳል።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ሲ. ኢ. አለን የተባለ እንግሊዛዊ አሮጌ ሞተር ቢስክሌቶች ከውዳቂ ብረት ጋር ተደባልቀው እንዳይጠፉ በማሰብ ቢጤዎቹን ጠራ። ሚያዝያ 20 ቀን 1938 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1946 መሆኑ ነው፥ በሰሪ አውራጃ ሆግስ ባክ በተባለው ኮረብታ ላይ በሚገኝ ቡና ቤት ተሰብስበው የአሮጌ ሞተር ቢስክሌት ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ ማኅበሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አባላት አሉት። የማኅበሩ ሀብት ሞተሮቹ ብቻ አይደሉም፤ ፋብሪካዎች ከተዘጉ በኋላ ሊጠፉ ይችሉ የነበሩ የሥራ መጻሕፍትና መዛግብት በቤተ መጻሕፍቱ ተጠብቀዋል። አንዱ አባል የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል።

እንዲህ ያለው መተባበር ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል በበርሚንግሃም አጠገብ በሚገኘው የእንግሊዝ የሞተር ቢስክሌት ሙዚየም ታይቷል። መስከረም 5 ቀን 1996 ዓ.ም. በተነሣው እሳት 380 ያህል ሞተሮች ተቃጠሉ ወይም ተጎዱ። ከአንዳንዶቹ የቀረው የተጣመመ ብረት ብቻ ነበር። ሆኖም ሙዚየሙ በኅዳር 1997 ዓ.ም. በሩን መልሶ ከፈተ፤ ከተቃጠሉትም ብዙዎቹ በባለሙያዎች እጅ ተነሥተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ብራፍ ሱፒሪየር የሚባሉ 8 ሞተር ቢስክሌቶች በኮርንዎል አውራጃ በአንድ ጎተራ ውስጥ ከ50 ዓመት በላይ ዝገት ሲበላቸው ቆዩ። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. በጨረታ ሲሸጡ ከእነርሱ አንዱ እንደ ተበታተነና እንደ ዛገ 331,900 ፓውንድ አወጣ። ለእኛ የሚጠቅመን ትምህርት ዋጋው አይደለም፤ የአሮጌ ዕቃ ክብር በአዲስ ቀለም የማይለካ መሆኑ ነው። ስለዚህ ቀለም ለመቀባት አይቸኮል።

በአገራችን ያለው ቅርስ

በእኛም አገር ምሳሌ አልታጣም። የቀድሞው ዓይነት ቮልስ በመጨረሻ ይሠራበት የነበረው የሜክሲኮ ፋብሪካ በ1995 ዓ.ም. ሥራውን ሲያቆም፥ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ቮልስ መሮጡን አላቆመም። መለዋወጫ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወረ፥ የጎደለው በቶርኖ እየተቀረጸ፥ የሚወዱትም ሰዎች እየተፈላለጉ ዕድሜውን አስረዝመውለታል።

የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ አንድ መዝገብ ነው። ጎማ፥ ፍሬን፥ ማርሽ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ኩሽኔታ፥ ማርሚታ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ሙያው ከጌታ ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፍ ቃሉም አብሮ ተላልፏል። አብዛኛው ዕውቀት ግን በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ በሰው ጆሮና በጣት ጫፍ ላይ ነው ያለው። አሮጌ መካኒክ ሞተሩን በድምፁ ብቻ ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል። እርሱ ሲያልፍ ይህ ዕውቀት ከቁራሌው ጆንያ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም።

በጨንቻ ብርድ እንዴት ይነሣል?

ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ፥ ዝናብና ጉም የሚበዛባት ከተማ ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠላት ዝገት ነው። ሞተሩ የደረቀ እንደሆነ መርገጫውን በኃይል መርገጥ ፒስተኑን ወይም ማርሹን መስበር ነው። ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው የዘይትና የላምባ ድብልቅ ይፈስስና ለብዙ ቀን ይተዋል፤ ከዚያም በቀስታ በእጅ ይሞከራል። ታንኩ ውስጥ ትናንሽ ጠጠሮች ከኮምጣጤ ጋር ተጨምረው ቢናጡ ዝገቱ ይለቃል፤ በኋላ በደንብ ታጥቦ ይደርቃል።

ቀጥሎ እሳቱ ይፈተሻል። ካንዴላው ብልጭታ ከሌለው ችግሩ ብዙ ጊዜ በቆሸሸ መገናኛ ወይም በተበጣጠሰ ሽቦ ላይ ነው። ከእሳቱ በኋላ የቤንዚኑ ተራ ይመጣል። የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ረግቶ የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል።

እዚህ ላይ የጨንቻ ሰው ከሌላው የበለጠ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፥ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ተወጥቶ ጨንቻ ሲደረስ 1,400 ሜትር ያህል ይጨመራል። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ አሥር በመቶ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ በቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ደጋ ላይ ሲወጣ ለአየሩ የማይመጥን ቤንዚን ይሰጣል፤ ጭሱ ይጠቁራል፥ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፥ ጉልበቱም ይቀንሳል። ሞተሩ ታምሞ አይደለም፤ ቤንዚን የሚያልፍባት የነሐስ ፍሬ ቀዳዳዋ ጠበብ ባለች መለወጥ አለባት። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ሞተር «አርጅቷል» ተብሎ እንዳይጣል።

እንግዲህ ሥራው ለአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ሳያስተውለው አይቀርም። ፊዚክስ የሚማረው ተማሪ እሳቱን ይፈትሻል፤ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊው የተፈታውን ዕቃ በተራ ቁጥር ይመዘግባል፥ ፎቶግራፍም ያነሣል፤ የቶርኖ ሠራተኛው የተበላውን ይቀርጻል፤ ጡረታ የወጣው ሾፌር ደግሞ ወንበር ቀርቦለት ይጠየቃል። አንድ ነገር ሁሉ በአንድ ቀን አይፈታ፤ የእያንዳንዱ ክፍል ብሎን በየጣሳው ለብቻ ይቀመጥ። ሥራው ከመጀመሩም በፊት ሊብሬው ይፈለግ፤ በሻሲው ላይ የተቀረጸው ቁጥርም ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። ያለ ሰነድ የተነሣ ሞተር ከበር አይወጣም።

በአንድ ነገር ግን ቁጠባ አይገባም። ጎማና ፍሬን በአሮጌው ይብቃን አይባልም። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ በፍሬን የሚቀልድን ሰው አይምርም።

ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ወጣት «ይህ የሀብታም ጨዋታ ነው» ይል ይሆናል። አይደለም። አምስት ጓደኛሞች በየወሩ ጥቂት ብር እያዋጡ፥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተገናኙ ቢሠሩ ሥራው በአንድ ዓመትም ሆነ በሁለት ይፈጸማል። በመካከሉም ከሽማግሌው የሰሙትን በደብተር ይጻፉ። ሞተሩ አንድ ቀን መልሶ ሊቆም ይችላል፤ ደብተሩ ካለ ግን የሚቀጥለው ልጅ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።