ከባሕር ዳር ካሴት ቤት የወጣው ድምፅ፦ ያረጀ የላይቭ ቅጂ ለምን ይፈለጋል?

እስቲ አንድ ነገር እንጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ፣ ከቁም ሳጥን ላይ ወይ ከአልጋ ስር፣ ካሴት የሞላበት ካርቶን አለ? ካለ ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሱ እንዳትጥሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። 2013 ላይ (ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ አልበሞቹ ላይ የተጻፈውም እሱ ስለሆነ) ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ገባ። ሰውየው የአፍሪካ ካሴት ለቃሚ ነው፤ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚባል የራሱ አሳታሚም አለው። ባሕር ዳር ላይ ካሴት ሲያገላብጥ የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» አገኘ። በ1985 የተሠራ ነው። አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሲንተሳይዘሩን አንድ ሰው ብቻውን እያደራረበ የተጫወተበት ካሴት።

ከፍኖተ ሰላም ተነስታችሁ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጋችሁ የምትደርሱባት ባሕር ዳር ማለታችን ነው። እዚህችው ሰፈራችን።

ሺምኮቪትዝ ካሴቱን ሰምቶ ባለቤቱን ፍለጋ ገባ። ኃይሉ ዋሽንግተን ነበር፣ ታክሲ ይነዳል። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ያወጣና ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዳል። ስልክ ተደወለለት፣ ተስማሙ፣ ካሴቱ በዚያው ዓመት እንደገና ታተመ። ከዚያ በኋላ የሆነው ለብዙ ሰው ተረት ይመስላል፤ ሰውየው በስድሳዎቹ ዕድሜው እንደገና መድረክ ላይ ወጣ፣ አውሮፓንና አሜሪካን ዞረ፣ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጣ።

ለመሆኑ ኃይሉ ማን ነው? «ዋልያስ ባንድ»ን ሰምታችኋል፣ ባትሰሙም ሳታውቁት ሰምታችኋል። «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለው መሣሪያ ብቻ ያለበት ሙዚቃ የነሱ ነው፤ ግርማ በየነ የደረሰው፣ በ1977ቱ «ቼ በለው» አልበም ላይ ያለው። ዋልያስ ለዓመታት አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል የሚጫወት ባንድ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰዓት እላፊ ታውጇል። ስለዚህ ክለብ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈ ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም፤ እስኪነጋ እዚያው ነው። ባንዱም አብሮ ያነጋል። አስቡት፣ አንድ ሌሊት ሙሉ።

እዚህ ጋ ነው ዋናው ነገር። ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ባንድ አንድን ዘፈን በሦስት ደቂቃ አይጨርሰውም። ያስረዝመዋል፣ ይሰብረዋል፣ ሳክስፎኑ ይገባል፣ ኦርጋኑ ይመልሳል፣ የሚጨፍረው ሰው ከጋለ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ሸክላ ላይ ግን ይሄ አይገባም። የዚያን ጊዜ ትንሿ ሸክላ በአንድ ገጽ የምትይዘው ከሦስት አራት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ዛሬ «የድሮ ሙዚቃ» ብለን ስልካችን ላይ የምናዳምጠው አብዛኛው ነገር በዚያ ልክ ተቆርጦ የተሰፋ ነው። ባንዱ በትክክል እንዴት ይጫወት እንደነበር የሚነግረን የላይቭ ቅጂ ነው። የድሮ ላይቭ ሲወጣ ወዳጆቹ እንደ ቅርስ የሚሻሙት ለዚህ ነው እንጂ ድምፁ ከስቱዲዮ ስለሚጠራ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አይጠራም፣ እውነቱን እንነጋገር።

ይሄን ነገር እንደ ሥራ የያዙት የሮክ ባንዶች ናቸው። በተለይ «ግሬትፉል ዴድ» የሚባለው በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተ ባንድ። እነዚህ ሰዎች አድማጫቸው ቴፕ ይዞ መጥቶ ኮንሰርታቸውን እንዲቀዳ ይፈቅዱ ነበር፣ ከ1984 ጀምሮማ ለቀጂዎች ለብቻቸው ቦታ ከለሉላቸው። ባንዱ ከሁለት ሺህ በላይ ኮንሰርት አድርጓል፤ ከመዝገብ ቤቱ እየመረጡ ማውጣት በ1991 ተጀምሮ እስካሁን አላለቀም። ወዳጆቹ አሁንም ይከራከራሉ፦ የትኛው ምሽት ይበልጣል፣ የትኛው ጊታር ላይ ተሳሳተ፣ የትኛው ዘፈን መሀል ካሴቱ አለቀ። እኛ ስለ ኳስ እንደምንከራከረው።

ታዲያ ከሁሉም የሚወራለት ምሽት ግንቦት 8 ቀን 1977 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተደረገው ነው። የቀዳችው ቤቲ ካንተር-ጃክሰን የምትባል የባንዱ የድምፅ ባለሙያ ናት። ቴፖቿ በኪራይ መጋዘን ተቀምጠው ነበር፣ ኪራዩ ሳይከፈል ሲቀር ዕቃው ለጨረታ ወጣና የማያውቋት ሰዎች እጅ ገባ። ባንዱ ያንን ምሽት በይፋ አልበም አድርጎ ያወጣው በ2017 ነው፤ ከ40 ዓመት በኋላ! ሀብታም አገር፣ ሀብታም ባንድ፣ ግን ቴፑ ለጥቂት ነው የተረፈው። የእኛን ከዚህ ተነስታችሁ ገምቱ።

አሁን ወደ ኃይሉ እንመለስ። በ2016 ሐምሌ መግቢያ ላይ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ፓዮኒር ወርክስ በሚባል ቦታ ተጫወተ። ከእሱ ጋር ያሉት አንድ ባስና አንድ ድራም ብቻ ናቸው። ቅጂው ሰባት ዓመት ተቀምጦ በ2023 የላይቭ አልበም ሆኖ ወጣ። የድሮውን የዋልያስ ቅጂና ይሄን አከታትላችሁ ስሙት። ድሮ የነፋስ መሣሪያዎቹ ይሞሉት የነበረውን ቦታ አሁን አንድ ሰው በጣቱ ሲሞላው ትሰማላችሁ። ሂልተን ያነጋ የነበረው ሰው መጫወቱን እንዳልረሳ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። በኛ ግምት ከስቱዲዮ አልበሞቹ ይልቅ የድሮውን ሌሊት የሚያስገምተን ይሄኛው ነው። የማይስማማ ካለ ይከራከረን።

አገር ቤት ተቀድቶ የወጣ ላይቭስ የለም ወይ? አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የሚባለው ተከታታይ ከ30 በላይ ክፍል አለው፤ አብዛኛው ከሸክላ የተመለሰ ነው። ቁጥር 20 ግን ላይቭ ነው፣ በ2004 አዲስ አበባ ላይ «ኢዘር ኦርኬስትራ» የተባለ የቦስተን ባንድ ከኛ ሙዚቀኞች ጋር የተጫወተው። አያችሁ፣ የኛን መድረክ ላይቭ አድርጎ ለማስቀረት እንኳ ፈረንጅ መምጣት ነበረበት። ትንሽ ያበሽቃል።

ዛሬስ? በጥር 2018 ቴዲ አፍሮ ባሕር ዳር ላይ ሲጫወት ከጎጃም ያልሄደ ወጣት ነበር እንዴ? በጥር 2025 ደግሞ ማህሙድ አህመድ ሚሊኒየም አዳራሽ የስንብት ኮንሰርቱን አደረገ። በሁለቱም ቦታ ስልክ ያልዘረጋ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ግን በስልክ የተቀዳውን ስሙት፤ ባሱ ስልኩን ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዘፋኙ ይልቅ አጠገባችሁ የሚጮኸው ልጅ ይሰማል፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ይቋረጣል። እሱም ቢሆን ዋጋ አለው፣ የሕዝቡን ስሜት ይይዛል። ነገር ግን አልበም የሚሆነው ከሚክሰሩ በቀጥታ የሚቀዳው ነው፣ ማለትም እያንዳንዱ ማይክና መሣሪያ ወደ ሞንታርቦው ከመውጣቱ በፊት የሚያልፍበት ሳጥን ላይ የተሰካ ቅጂ። ጎበዝ አዘጋጅ ሁለቱን ይቀላቅላል፦ ዘፈኑን ከሚክሰሩ፣ ጭብጨባውን ከአዳራሹ።

ሌላው የሚያከራክረው የገንዘቡ ነገር ነው። ያረጀ ቅጂ ሲወጣ ማን ይበላል? ከኃይሉ ጋር የሠራው አሳታሚ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል እንደሚካፈል በይፋ ተናግሯል። ሁሉም እንዲህ አይደለም። በኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይሄኛው በኛው አቆጣጠር ነው) መድረክ ላይ የተጫወተ ሰው ክዋኔው ያለ ፈቃዱ እንዳይቀረጽና እንዳይባዛ ይከለክላል፣ ጥበቃውም 50 ዓመት ነው። የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት ደግሞ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ስለዚህ ካሴቱ የናንተ ቢሆንም ዘፈኑ የናንተ አይደለም። ሚሞሪ የሚያስጭኑ ቤቶችን ነገር እዚህ አናነሳም፣ ዳታ በጠፋባቸው ወራት ያኖሩን እነሱ ናቸውና እጃችን ያጥራል።

ወደ ካርቶኑ እንምጣ። እናንተ ቤት ያለው ካሴት የዋልያስ ላይሆን ይችላል። የአጎታችሁ ሰርግ ላይ የተጫወተ አዝማሪ ሊሆን ይችላል፣ ወይ የቀበሌ ኪነት። ማንም ሌላ ቅጂ የሌለው እንዲህ ያለው ነው። ካሴት ደግሞ ዝም ብሎ አይቆይም፤ ሙቀት፣ አቧራና እርጥበት ይበላዋል። ከኛ አንዱ የአጎቱን የ1980ዎቹ ካሴት ከተኛበት አንስቶ አሮጌ ቴፕ ውስጥ ከተተው፣ ቴፑ በላው። ክሩ እንደ ክትፎ ወጣ።

ስለዚህ መጀመሪያ ካሴቱን በብርሃን እዩት። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካለ አታጫውቱት፣ ቴፑንም ካሴቱንም ታበላሻላችሁ። ንጹሕ ከሆነ የቴፑን ራስ በጥጥና በአልኮል አጽዱ፣ በማትሳሱለት ካሴት ሞክሩ፣ ከዚያ ዋናውን ክተቱ። ከድምፅ ማጉያው ፊት ስልክ ይዞ መቅዳት የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ብታስገቡት ይሻላል። ሳታቋርጡ፣ ሁለቱንም ገጽ። 90 የሚል ካሴት በአንድ ገጽ 45 ደቂቃ ነው የሚይዘው፣ ዘፈኑ መሀል ቢቆረጥም አትደንግጡ፣ ገልብጣችሁ ቀጥሉ። ቅጂውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ ኦሪጅናሉን አትጣሉ።

የሚረሳው ግን ጽሑፉ ነው። ማን ተጫወተ፣ የማን ሰርግ፣ የት ቀበሌ፣ ስንት ዓመተ ምሕረት፣ ማሲንቆው የማን ነው። ይሄን የሚያውቁት እናትና አባት፣ አያት ናቸው። ካሴቱን እየሰሙ ጠይቋቸው፣ ሲያወሩም ቅዷቸው። ሸሞንሟናዬ ባለቤቱ የተገኘው ስሙ ካሴቱ ላይ ስለተጻፈ ነው።