ፊልሙ ነፃ ነው፣ ዳታው ግን አይደለም

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ ፊልም ከየት ይገኛል ብትሉ፣ መልሱ እንደምትጠይቁት ሰው ዕድሜ ይለያያል። ታላላቆቻችን ቪሲዲ ተከራይተዋል። እኛ ሃይስኩል ሳለን ሚሞሪ ካርድ ይዘን ሙዚቃ ቤት እንሄድና «አዲስ የወጣ ሙላልኝ» እንል ነበር። የአሁኖቹ የሰፈር ልጆች የሌሊት ጥቅል ይገዙና ሰው ሲተኛ ያወርዳሉ። ጠዋት ላይ ፊልሙ በቴሌግራም ለግቢው ሁሉ ደርሷል።

ለፊልሙ ባለቤት ግን ማን ከፈለ? ኢኮኖሚክስ ተምሬ ምናልባት በደንብ የያዝኩት ነገር ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነው።

ድሮ የአማርኛ ፊልም መጀመሪያ ሲኒማ ይገባል፤ አምባሳደር፣ ዓለም፣ ኤድናሞል። ቆይቶ በቪሲዲ ይወጣል። ያው ዕቃ ለቸኮለ በውድ፣ ለታገሠ በርካሽ ይሸጣል ማለት ነው። ኮፒ አድራጊ ከቀደመ ደግሞ ሁለተኛው ገበያ በዚያው ቀን ያበቃለታል።

በ2008 ዓ.ም. ሁለት ነገር በአንድ ዓመት መጣ። ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማ በአማርኛ እያስወራ በዲሽ በነፃ ቤታችን ገባ። ኔትፍሊክስም በዚያው ዓመት ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ130 በላይ አገሮች በአንድ ቀን ተከፈተ፤ ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። ማን እንዳሸነፈ መንገር አያስፈልግም። በሰፈሬ ኔትፍሊክስ የሚያይ የማውቀው ሰው ሁሉ የሚጠቀመው ውጭ ያለ ወንድሙን ወይም አክስቱን ፓስዎርድ ነው።

የአገር ውስጡ ሥራ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ሰፈረ። «እረኛዬ»ን እንኳ ብዙዎቻችን ከአርትስ ቲቪ ይልቅ በስልካችን ነው የተከታተልነው። ዩቲዩብ ከማስታወቂያው ገቢ 55 በመቶውን ለቻናሉ ባለቤት ይሰጣል። ችግሩ ማስታወቂያ የሚተመነው ተመልካቹ ባለበት አገር ነው። ዋሽንግተን ያለችው አክስታችን ብቻዋን አይታ የምታስገባው፣ እኛ አንድ ስልክ ላይ ተደርድረን ካየነው ይበልጣል። በቴሌግራም የተላለፈው ደግሞ ጭራሽ አይቆጠርም። ቪዲዮው 8 ደቂቃ ከሞላ መሃሉ ላይ ማስታወቂያ ማስገባት ይቻላል፤ ስለዚህ ድራማው ልክ ልብ ሲሰቀል ከተቋረጠ፣ ደራሲውን ብቻ አትውቀሱት።

እንደ ሐበሻ ቪው ያሉትም የኢትዮጵያን ፊልም በኢንተርኔት ሲሸጡ ዋና ገበያቸው ውጭ ያለው ወገናችን ነው። የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ»ን ለዓለም ያቀረበው እሱ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ታስረው ዳኛ ፍለጋ የሚጓዙበትን ታሪክ ሌላ አገር ያለ ሰው ማየቱ ደስ ይላል፣ ምንም ጥያቄ የለውም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ገንዘቡ ከውጭ ብቻ ከመጣ፣ ታሪኩም ቀስ በቀስ ወደዚያው ያዘነብላል። ከአሜሪካ የመጣው ሙሽራ ድሮም ፊልሞቻችን ውስጥ ነበር፤ አሁን ግን ከፋዩም እሱ ሆኗል። የጉራራ ዳገት ላይ ውኃ የምትቀዳ ልጅ ታሪክ ማን ገንዘብ ያወጣበታል?

«የእኛ ሰው ለፊልም አይከፍልም» የሚባለውን እኔ አልቀበልም። በኔትፍሊክስ ግምት መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 1 ጊጋባይት ገደማ ይበላል። የሁለት ሰዓት ፊልም 2 ጊጋ ነው። ይህን ዳታ የገዛነው በራሳችን ብር ነው፤ ያውም ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት። እንከፍላለን እንጂ! ብሩ ግን የሚቀረው መንገዱ ጋ ነው፣ ፊልሙን የሠራው ሰው ዘንድ አይደርስም።

ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሳፋሪኮም ገብቶ ደንበኛ የሚሻሙ ሁለት ኩባንያዎች አሉ። ታዲያ የፊልም ጥቅል ለምን አይሸጥም? ዳታውም ፊልሙም አንድ ላይ፣ ከያንዳንዱ ሽያጭ ለምሳሌ 10 ብር ለፕሮዲዩሰሩ። መቶ ሺህ ሰው ቢገዛ 1 ሚሊዮን ብር ነው። ዋጋው ከባዶ ዳታ ብዙም ካልራቀ፣ ጥራት ያለውን ትቶ የተቆራረጠ ኮፒ የሚፈልግ ሰው የሚበዛ አይመስለኝም።

ከባዱ ነገር ቆጠራው ነው። ሲኒማ በር ላይ ቢያንስ የተቀደደ ትኬት አለ። ቴሌኮሙ «ይህን ያህል ሰው አይቶታል» ሲል ፕሮዲዩሰሩ በምን ያረጋግጣል? ከመቶኛ ክፍፍሉ በፊት ድርድሩ ከዚህ ቢጀመር ይሻላል፤ ቆጠራውን ሁለቱም ወገን በየቀኑ የሚያዩት ካልሆነ፣ ጥሩ ሥራ ያለው ሰው ፊልሙን አምኖ አይሰጥም።